ዓሣም ይታመማል

ላም ስትታመም በቤታችን ሁሉ እናውቃለን። ጆሮዋ ይወድቃል፥ ማመስኳቷን ትተዋለች፥ ዓይኗም ያነባል። ዶሮ ክንፏን ጥላ በጥግ ስትቆም የቤቱ እመቤት ከሩቅ አይታ ነገሩን ትረዳለች። ዓሣ ግን ድምፅ የሌለው፥ ኑሮውም ከዓይናችን የተሰወረ ፍጥረት ስለሆነ፥ መታመሙን የምናውቀው ብዙውን ጊዜ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ከተንሳፈፈ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የሕክምናው ሰዓት አልፏል።

በደቡብ ጎንደር ደጋ ተቀምጦ ስለ ዓሣ ሕመም መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ እንግዳ ነገር ይመስለው ይሆናል። ነገር ግን ጉማራና ርብ ሁለቱም ከጉና ተራራ ተነሥተው የፎገራን ሜዳ አቋርጠው ወደ ጣና የሚገቡ ወንዞች ናቸው፤ የጣና ነጭ ዓሣም በክረምት እንቁላሉን ሊጥል ወደ እነዚሁ ወንዞች ሽቅብ ይወጣል። በ1978 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያናችን በልማት ክፍልዋ በኩል ከመንግሥትና ከሆላንድ አገር ረዳቶች ጋር ሆና በሞተር የሚሄድ ጀልባና የናይሎን መረብ በጣና ላይ እንዲገባ ካደረገች ወዲህ፥ በደንገል ታንኳ ብቻ ይሠራ የነበረው ዓሣ ማጥመድ መልኩ ተለወጠ። መረቡ በዛ፤ ዓሣው አነሰ። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. በነበሩት ዐሥር ዓመታት በጥናት በተመለከቱት ስፍራዎች የነጭ ዓሣው ክብደት በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ስለዚህ በግቢው ኩሬ ቆፍሮ ዓሣ ላርባ የሚል ሰው በየቀበሌው ቢነሣ የሚያስገርም አይደለም። ይህም ጽሑፍ ከእንደነዚህ ያሉት ስለ አንዱ ነው።

በደብረ ታቦር ከተማ ዳርቻ ለረጅም ዘመን አቋቋም ያስተማሩ አንድ መሪጌታ አሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ስለ ነገሩኝ እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ እላቸዋለሁ። የእኅታቸው ልጅ በጅዳ አራት ዓመት በሰው ቤት አገልግላ በ2010 ዓ.ም. ወደ አገሯ ተመለሰች። ከደመወዟ የተረፋት ጥቂት ገንዘብ ነበረ። ሱቅ ለመክፈት አይበቃም፤ ተቀምጦ ለመብላትም ከአንድ ዓመት አያልፍም። የኔታ ልጅቱ ተመልሳ እንዳትሄድባቸው ይፈሩ ስለ ነበር፥ ከደጃቸው በታች ምንጭ የሚፈስስበትን መሬት ሰጧት፤ እርሷም ገንዘቧን በዚያ ላይ አፈሰሰች። ርዝመቱ 6 ሜትር፥ ስፋቱ 4 ሜትር፥ ጥልቀቱ እስከ ሰው ወገብ የሆነ ኩሬ ተቆፈረ፤ ከሥሩም ላስቲክ ተነጠፈ። በ2011 ዓ.ም. በጥቅምት ከወረታ አካባቢ ቀረሶ የሚባለው ዓሣ 200 ጫጩት በጀሪካን ተጭኖ መጣ።

ኅዳር እስኪጋመስ ሁሉ ነገር መልካም ነበር። ልጅቱ ፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ስትበትን ዓሦቹ እየተሻሙ ይበሉ ነበር። በኅዳር መጨረሻ ግን ምግቡ በውኃው ላይ ተንሳፎ ይውል ጀመር። ዓሦቹ ከኩሬው ግርጌ ተሰብስበው ቆሙ፤ ቀለማቸውም ጠቆረ። በታኅሣሥ በአንዳንዶቹ ጅራትና ጀርባ ላይ እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር በቀለ። ከታኅሣሥ ገብርኤል በኋላ ውርጭ በመታበት አንድ ጧት 7 ዓሣ ሞቶ ተገኘ። በማግሥቱ 11።

እንግዲህ ምክር ያልሰጠ ጎረቤት አልነበረም። አንዲት ባልቴት የሰው ዓይን ነው አሉ። አንዱ ጎልማሳ ዓሦቹ የከሱት ስለ ተራቡ ነው ብሎ ምግቡ እጥፍ እንዲሆን አዘዘ። ሌላው ደግሞ ከመድኃኒት መደብር ቴትራሳይክሊን ገዝቶ፥ እንክብሉን ፈትቶ ኩሬው ውስጥ ለመበተን ተዘጋጅቶ መጣ። እኔም ከእነዚህ መካከል እንዳልነበርሁ ብናገር ሐሰት ይሆንብኛል፤ አመድ ቢጨመርበት ብዬ ነበር፤ ለምን እንዳልሁ ግን ዛሬ ራሴም አላውቀውም።

ልጅቱ ሁሉንም ሰምታ፥ «የኔታ፥ ምንም አይግባበት፤ መጀመሪያ ውኃው ይታይ» አለች።

«ልጄ፥ የሚሞተው ዓሣው ነው፤ ውኃው ምን ሆነ?» አሏት።

እርሷም ያየችውን ነገረችን። በጅዳ ባገለገለችበት ቤት ሁለት ሜትር የሚረዝም፥ የባሕር ውኃ የተሞላ የመስተዋት ሣጥን ነበረ። በውስጡም ከቀይ ባሕር የመጡ፥ ብጫና ሰማያዊ መልክ ያላቸው ዓሦች ይኖሩ ነበር። መስተዋቱን መወልወልና ዓሦቹን መመገብ የእርሷ ሥራ ነበር። አንድ ቀን በዓሦቹ ገላ ላይ እንደ ተፈጨ ጨው ያለ ነጭ ነጥብ ታየ፤ ዓሦቹም ገላቸውን በድንጋይ ላይ ይፈትጉ፥ በቶሎ በቶሎም ይተነፍሱ ጀመር። የቤቱ ጌታ ወደ ገበያ ሄዶ ሦስት ዓይነት መድኃኒት ገዛ፤ ሦስቱንም በአንድ ቀን አፈሰሰ። በሁለት ቀን ውስጥ እኩሌታው አለቀ። ከዚያ በኋላ ነበር ዓሣ የሚያውቅ አንድ ሽማግሌ የተጠራው። ሽማግሌው እንደ ገባ ወደ ዓሦቹ አላየም፤ የውኃውን ሙቀት ለካ፥ የጨውነቱን መጠን ለካ፥ ቀጥሎም አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ «በዚህ ወር አዲስ የገባ ዓሣ አለ?» ነበረ። ከሳምንት በፊት ተገዝቶ፥ ለብቻው ሳይቀመጥ በቀጥታ ከሌሎቹ ጋር የተቀላቀለ አንድ ዓሣ ነበረ።

የዚህ በሽታ አመጣጥ ሊነገር የሚገባው ነው። በሽታውን የሚያመጣው ክሪፕቶካርዮን የተባለ በዓይን የማይታይ ጥገኛ ተሕዋስ ነው። በዓሣው ቆዳ ሥር ገብቶ ለጥቂት ቀናት ይበላል፤ ነጭ ነጥብ ሆኖ የሚታየውም ያን ጊዜ ነው። ከዚያም ከዓሣው ወርዶ በአሸዋውና በድንጋዩ ላይ ይጣበቅና በጠንካራ ሽፋን ይሸፈናል፤ በሽፋኑ ውስጥ ተከፋፍሎ ብዙ ከሆነ በኋላ ይፈነዳል፤ ልጆቹም ዓሣ ፍለጋ ይዋኛሉ። ከቆዳ ሥር ሳለ መድኃኒት አያገኘውም፤ በሽፋኑ ውስጥ ሳለም አያገኘውም። የሚሞተው በሚዋኝበት አጭር ጊዜ ብቻ ነው። ነጥቡ ከዓሣው ገላ ላይ ሲጠፋ ባለቤቱ «ዳነ» ብሎ ደስ ሲለው፥ በሽታው ግን በአሸዋው ላይ ሆኖ እየበዛ ነው። ሽማግሌው የተረፉትን ዓሦች አሸዋም ድንጋይም ወደሌለበት ወደ ሌላ ሣጥን አወጣቸው፤ በዚያም የመዳብ መድኃኒት በየቀኑ እየለካ ሰጣቸው። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ የሚፈቀደው መዳብ ከአንድ ሚሊግራም አንድ አምስተኛ የማይበልጥ ስለሆነ፥ ጥቂት ቢጎድል ተሕዋሱ አይሞትም፤ ጥቂት ቢበዛ ዓሣው ይሞታል። ትልቁን ሣጥን ግን ከ70 ቀን በላይ ያለ ዓሣ ባዶውን አቆየው። ልጅቱ ባዶ ውኃ መወልወሉ ሞኝነት መስሏት ምክንያቱን ብትጠይቀው፥ የሚበላው ያጣ ጥገኛ በራሱ ጊዜ እንደሚያልቅ አስረዳት።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልጨምር። የቀይ ባሕርን ዓሣና የጣናን ዓሣ አጣምሮ መመርመር ለእኛ አገር አዲስ አይደለም። ኤድዋርድ ሩፔል የተባለው የፍራንክፈርት ሰው በምፅዋ በኩል ገብቶ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1830ዎቹ መጀመሪያ እስከ ጎንደር ደርሷል፤ የሁለቱንም ውኃ ዓሦች እየሰበሰበ ጽፏል። ከጣና ዓሦች የአንዱ ሳይንሳዊ ስም እስከ ዛሬ «በሶ» የሚለውን ቃል እንደ ያዘ የቀረው እርሱ ስለ ሰየመው ነው።

ወደ ኩሬው እንመለስ። የውኃው ሙቀት ይለካ በተባለ ጊዜ አንድ ደግ ጎረቤት ከጤና ጣቢያ የሰው ትኩሳት መለኪያ ተውሶ አመጣ። ውኃው ውስጥ ቢነከር ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ የሰው መለኪያ ከ35 ዲግሪ በታች ያለውን አይቈጥርምና። የኔታ ሳቁ። እኔ ደግሞ ከማስተምርበት ቤት የላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ለምኜ አመጣሁ። በገመድ ታስሮ ወደ ኩሬው ግርጌ ወረደ። ከጧቱ በ12 ሰዓት 12 ዲግሪ ሆነ። ከቀኑ በ9 ሰዓት 17። ሦስት ቀን ለካን፤ ከዚህ ብዙም አልራቀም።

ከውኃው ቀጥሎ ዓሣው ተመረመረ። ልጅቱ እጇን ሳታርስ ዓሣ እንዳንነካ ከለከለችን፤ ዓሣ በገላው ላይ ያለው ልጋግ ልብሱም ጋሻውም ስለሆነ፥ ደረቅ እጅ ልጋጉን ገፍፎ ለሻጋታ በር ይከፍታል። ከደከሙት አንዱን አንሥታ የስንጥቡን ክዳን ገለጠች። ስንጥብ የዓሣ መተንፈሻ ነው፤ ጤነኛ ሲሆን እንደ ትኩስ ደም ይቀላል። የነጣ እንደሆነ ደም ማነስ ወይም ደም የሚመጥ ጥገኛ ይጠረጠራል፤ ቡናማ የሆነ እንደሆነ ከኩስና ከበሰበሰ ምግብ የሚመጣ መርዝ በውኃው ውስጥ በዝቷል ማለት ነው። የእኛ ዓሣ ስንጥቡ ቀይ ነበረ። ከዚያም ጥጥ ከበቀለበት ስፍራ ልጋጉን በመስተዋት ጠርዝ ጠርጌ በማይክሮስኮፕ ተመለከትሁት። እንደ ተበተነ ክር የተጠላለፈ ሻጋታ ብቻ ታየ፤ የሚንቀሳቀስ ተሕዋስ አልነበረም። በመጨረሻም በዚያው ጧት የሞተ ዓሣ በቢላዋ ተከፈተ። ሆድ ዕቃው ባዶ፥ የሐሞቱ ከረጢት ግን አብጦ የጠቈረ ነበረ፤ ይህም ብዙ ቀን ያልበላ ዓሣ ምልክት ነው። ትል አልተገኘበትም።

ትል አልተገኘበትም ስል፥ የጣናን ዓሣ ከገበያ ገዝተው በቤት የሚያዘጋጁ እመቤቶች ይህን ነገር ደጋግመው እንደሚያገኙት ስለማውቅ ጥቂት ልዘግይ። በጣና ባሉት ትንንሽ ዓሦች ሆድ ውስጥ ሊጉላ የሚባል፥ ነጭ፥ ጠፍጣፋና ረጅም፥ የኮሶ ዘመድ የሆነ ትል ይገኛል። እንቁላሉ ከዓሣ በል ወፎች ኩስ ጋር ወደ ሐይቁ ይወድቃል፤ የተፈለፈለውን እጅግ ደቃቅ የሆነ የውኃ ነፍሳት ይውጠዋል፤ ነፍሳቱን ዓሣው ይበላዋል፤ ትሉም በዓሣው ሆድ ውስጥ እያደገ ሆዱን ይነፋዋል፥ መውለጃውንም ያጫጨዋል። የተነፋውም ዓሣ ከጥልቁ ወጥቶ በውኃው ገጽ አጠገብ መዋኘት ስለሚቀናው ወፉ በቀላሉ ይለቅመዋል፤ ትሉ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። በቀረሶና በአምባዛ ደግሞ በልብና በሆድ ዕቃ አካባቢ የተጠቀለለ ክብ ትል፥ በስንጥብ አጠገብም ብጫ ፍሬ የመሰለ ነገር ይታያል። ይህን ያየች እመቤት ዓሣውን ሁሉ አውጥታ መጣል የለባትም። ሆድ ዕቃውን ቶሎ አውጥቶ መጣል፥ ሥጋውን በደንብ ማጠብ፥ እስከ አጥንቱም ድረስ ማብሰል ነው። የበሰለ ትል ሰውን አይጎዳም። አንዳንዶች በሐይቅ ዳር ጥሬውን የሚበሉት ዓሣ ግን ከጥገኛው ጋር ስለሚበላ፥ በተለይ ለልጆች ፈጽሞ አይስማማም። ዓሣ በየትኛው ጊዜ ይበላል የሚለውን ለአባቶች መምህራን ትቼ አልፋለሁ።

እንግዲህ በምርመራው ሦስት ነገር ተገኘ፦ ቀዝቃዛ ውኃ፥ ምግብ የተወ ሆድ፥ በቆዳ ላይ የበቀለ ሻጋታ። ከእነዚህ ውስጥ የሚታየውና የሚያስፈራው ሻጋታው ነው፤ መሪው ግን ቅዝቃዜው ነበረ። ቀረሶ የሞቃት ውኃ ፍጥረት ነው። ውኃው ከ20 ዲግሪ በታች ሲወርድ መራባቱን ይተዋል፥ ምግቡንም ይቀንሳል፤ ወደ 16 ሲቃረብ መብላቱን ይተዋል፤ 12ና 11 ሲሆን መሞት ይጀምራል። የጣና ገጽ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ሲሆን፥ ደብረ ታቦር ወደ 2,700 ሜትር ላይ ትገኛለች። ከወረታ እስከ ደብረ ታቦር ያለው መንገድ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ ዓሣው ግን በዚያች አጭር መንገድ ከቆላ ገበሬነት ወደ ውርጭ ተሰደደ ማለት ይቻላል። ሻጋታው በማናቸውም ውኃ ውስጥ አለ፤ ጤነኛውን አይደፍርም። በመንገድ የተፋተገውንና በብርድ የደከመውን አይቶ ነው የሚበቅል። የተጨመረውም ምግብ ሳይበላ በግርጌ እየበሰበሰ ውኃውን አባሰው። ቴትራሳይክሊኑ ቢበተን ኖሮ ሻጋታ የማይገድል መድኃኒት ስለሆነ ጥቅም አልነበረውም፤ ይልቁንም ለሰው የሚበላ ዓሣ ውስጥ መድኃኒት መጨመር ነበር። ቀድሞ በአውሮፓ ለዓሣ ሻጋታ ይጠቀሙበት የነበረው ማላካይት ግሪን የተባለው አረንጓዴ ቀለም እንኳ ለሚበላ ዓሣ እንዳይሰጥ የተከለከለው የሰውን ጤና ይጎዳል ተብሎ ነው።

በእጃችን የነበረው መድኃኒት ጨው ነበር። ልጅቱ በጅዳ ያየችው ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ ሽማግሌው አንዳንድ ጊዜ የባሕሩን ዓሣ ለአምስት ደቂቃ ያህል ጨው በሌለው ውኃ ይነክረው ነበር። የባሕር ዓሣ በጣፋጭ ውኃ፥ የሐይቅ ዓሣ በጨው ይታከማል። ምክንያቱ አንድ ነው። ጨው የበዛበት ውኃ ጨው ካነሰበት ስፍራ ውኃን ወደ ራሱ ይስባል። በባሕር ዓሣ ገላ ላይ የተጣበቀው ትል በጣፋጭ ውኃ ሲነከር ውኃ ወደ ውስጡ ገብቶ ይነፋዋል፤ ነጥቶም ይወድቃል። ከቆዳ ሥር የተሸሸገውን ያን የነጭ ነጥብ ተሕዋስ ግን በዚህ መንገድ ማግኘት አይቻልም። በሐይቅ ዓሣ ላይ ያለው ሻጋታና ተሕዋስ ደግሞ በጨው ውኃ ሲነከር ውኃው ከውስጡ እየተመጠጠ ይደርቃል። ዓሣው ግን ወፈር ያለ ገላና ኩላሊት ስላለው ለጥቂት ጊዜ ይታገሠዋል። የሐይቅ ዓሣ ሳይታመምም ጨዉ ከገላው ሁልጊዜ ወደ ውኃው ያፈተልክበታል፤ ቆዳው ሲቈስል ይህ ይብስበታል፤ ስለዚህ ጥቂት ጨው በውኃው ውስጥ ማግኘቱ ለራሱም ዕረፍት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። በትልቅ ሳፋ ከዚያው ከኩሬው 20 ሊትር ውኃ ተቀዳ። ጨው በሚዛን 200 ግራም ተመዝኖ ሟሟ፤ ይህም ለአንድ ሊትር 10 ግራም ነው። ዓሦቹ ዐሥር ዐሥር እየሆኑ ገቡ። ልጅቱ ከሳፋው አጠገብ ተቀምጣ ዓይኗን ሳትነቅል ትመለከት ነበር፤ አንዱ ወደ ጎኑ የተጋደመ እንደሆነ ጊዜው ባይደርስም ወዲያው ታወጣዋለች፤ ሌሎቹ እስከ 20 ደቂቃ ይቆያሉ። ጨው ወደ ኩሬው እንዲገባ አልፈቀደችም። ምግብ ተከለከለ፤ የበሰበሰው ከግርጌ ተጠርጎ ወጣ። ኩሬው ማታ ማታ በላስቲክ ተሸፈነ። ሕክምናው በሦስት ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ተደረገ።

ሲጀመር ከ200 ውስጥ 112ቱ ሞተው ነበር። ከቀሩት 88 ውስጥ በሕክምናው ሳምንት 9 ሞቱ፤ በሌሎቹም ላይ ጥጡ እየረገፈ ሄደ። ቴርሞሜትሩ ግን ላስቲኩ ተሸፍኖም ጧት ጧት ከ14 አልወጣም። የኔታ ይህን አይተው ለሁለት ቀን ዝም አሉ። ኩሬው በእጃቸው ያለ የመሬታቸው ክፍል ነበር፤ ልጅቱም በደጃቸው እንድትቀመጥ ነበር የሰጧት። በሦስተኛው ቀን፥ «ልጄ፥ ወደ ሞቃቱ አገር ይውረዱ። አንቺም አብረሽ ውረጂ፤ ጅዳ ከምትሄጂ ፎገራ ይሻለኛል» አሏት።

በጥር መጀመሪያ 79 ዓሣ በጀሪካን ወርዶ በፎገራ ወደሚኖሩ ዘመዳቸው ኩሬ ተወሰደ። በመንገድ 4 ሞቱ። የቀሩት ከ14 ዲግሪ ውኃ ወደ 22 ዲግሪ ውኃ በአንድ ጊዜ እንዳይገለበጡ፥ ከአዲሱ ውኃ በጣሳ እየተቀዳ በጀሪካኑ ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ቀስ በቀስ ተጨመረ። በሦስተኛው ቀን መብላት ጀመሩ።

በመጋቢት ግን በስልክ ተጠራሁ። ዓሦቹ ሲነጋጋ አፋቸውን ወደ ውኃው ገጽ አውጥተው ይከፍታሉ ይዘጋሉ ተባለ። የፎገራ ሰዎች ይህን ሲያዩ መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ብርብራን ነው፤ የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ወደ ወንዝ ሲጣል ዓሣው መተንፈስ ተስኖት ወደ ላይ እንደሚወጣ በጉማራ ዳር ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ይህ አሠራር ትልቁን ከትንሹ፥ ሊወልድ የወጣውንም ከተወለደው ሳይለይ ስለሚፈጅ፥ ነጭ ዓሣ እንዲጠፋ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ሆኖ ይቈጠራል። ግን ብርብራ የተጣለበት ውኃ ጧትና ማታ አይለይም። የእኛዎቹ ዓሦች ፀሐይ ሞቅ ሲል ወደ ግርጌ ይመለሱ ነበር። ውኃውም እንደ ጎመን አረንጓዴ ሆኗል። ዘመዳቸው ዓሦቹን ለማወፈር ሲሉ የከብት ፋንድያ በብዛት ጨምረውበት ኖሯል። በውኃ ውስጥ ያለው አረንጓዴ ደቃቅ ተክል ቀን በፀሐይ ኦክሲጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እርሱም ከዓሣው ጋር ይተነፍሳል፤ ስለዚህ ጎሕ ሲቀድ ውኃው ኦክሲጅን ያጣል። በ1,800 ሜትር ከፍታ ደግሞ አየሩ ስለሚሳሳ፥ ውኃ የሚይዘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚይዘው አምስት እጅ አራቱን ያህል ብቻ ነው። ፋንድያው ቆመ፤ የውኃው ሲሶ ወጥቶ በአዲስ ተተካ፤ ለአንድ ሳምንትም ሌሊት በ10 ሰዓት እየተነሡ ውኃውን በባልዲ እየቀዱ ከከፍታ ወደ ኩሬው መልሰው ያፈስሱት ነበር። 6 ሞቱ፤ 69 ተረፉ።

በሰኔ ኩሬው ሲጠፋ 69ኙም ወጡ። ትልቁ የአንድ እጅ ስንዝር ያለፈ ነበረ። የተሸጠው ገንዘብ ያወጣችውን አልመለሰላትም፤ ለአዲስ ጫጩት ግን በቃ። በፎገራ የራሷን ኩሬ ያስቆፈረችው በዚያው ክረምት ነው። አሁን ጫጩት ሲመጣላት ከሌሎቹ ጋር አትቀላቅልም፤ በኩሬው ዳር በተቀበረ በርሜል ውስጥ ሦስት ሳምንት ለብቻው ታስቀምጠዋለች። የኔታ ከደብረ ታቦር ወርደው ሲጠይቋት ከሰላምታ ቀጥሎ የሚያነሡት ነገር ቢኖር ያን በገመድ የታሰረ ቴርሞሜትር ነው፤ ራሳቸው ወደ ውኃው ያወርዱትና የታየውን ቍጥር በደብተር ይጽፉታል። ቴርሞሜትሩን ለተዋስሁበት ቤት እስከ ዛሬ አልመለስሁም።